ምጣድ ይችላል ወይ? | የፖድካስት ውይይት ከአዳማ

መቅዲ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን! ዛሬ ሄኖክ ስለ ሥራው ያወጋናል። የቤት ባትሪና ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው መሣሪያ፣ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የመጀመሪያውን ናሙና የሚገጥመው እሱ ነው። እሺ፣ ጠዋት ስትገባ ምን ታደርጋለህ?

ሄኖክ፦ ከሱ በፊት የአክስቴን ነገር ልንገርሽ።

መቅዲ፦ (ሳቅ) ጀመረ!

ሄኖክ፦ ባትሪውን ዞር ዞር ብላ አየችውና «ምጣድ ይችላል?» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

መቅዲ፦ እውነቷን ነዋ! ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ሰምቶ፣ መብራት ድርግም! እዚሁ አጠገባችን አዳማ 2 የንፋስ ኃይል ብቻ 153 ሜጋዋት ነው እየተባለ።

ሄኖክ፦ ማመንጫው ሌላ፣ ሰፈር ድረስ የሚያመጣው መስመር ሌላ። ወደ ምጣዱ ልመልስሽ። 3.5 ኪሎዋት ይስባል እንበል። በ12 ቮልት ባትሪ ወደ 290 አምፔር ነው! በ48 ቮልት ግን 73 ገደማ። ከረንቱ በ4 ሲካፈል፣ በዚያው ገመድ ላይ በሙቀት የሚባክነው በ16 ይካፈላል። ደስ አይልም?

መቅዲ፦ ደስ ይላል። ይችላል ወይስ አይችልም?

ሄኖክ፦ ኢንቨርተሩ ከቻለ ይችላል። ግን 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ብትጋግሪ 3.5ቱ ሄደ። ለማታ ምን ተረፈ? እኔ ምጣዱ ይውጣ ባይ ነኝ። አምፖል፣ ፍሪጅ፣ ዋይፋይ ይበቃዋል።

መቅዲ፦ በፍጹም! እንጀራ የማይጋግር ባትሪ ማን ይገዛል?

ሄኖክ፦ ቀን፣ ፀሐይ ባትሪውን እየሞላች ከሆነ እሺ።

መቅዲ፦ ማታም!

ሄኖክ፦ ማታ አይሆንም፣ መቅዲ።

መቅዲ፦ ይሆናል። በል ጥያቄዬን መልስ፤ ጠዋት ስትገባ?

ሄኖክ፦ ሴል መለካት! ሴል ማለት ባትሪው ውስጥ ያለች ትንሽ ባትሪ ናት፤ የ16ቱንም ቮልት አንድ በአንድ፣ በመልቲሜትር። አንዱ ቀድሞ 3.65 ቮልት ከደረሰ መቆጣጠሪያው ቻርጁን ያቋርጣል። ሌሎቹ ሳይሞሉ ይቀራሉ። ከዚያ ቡሎን። የሴሉ ጫፍ አሉሚኒየም ስለሆነ ለስላሳ ነው። ከልክ በላይ ካጠበቅሽው ጥርሱ ይበላል፣ ካላላሽው ይግላል። ስለዚህ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ አጠብቀውና ከቡሎኑ ሴሎቹን እስከሚያገናኘው መዳብ በማርከር አንድ መስመር አሰምራለሁ። ቡሎኑ ትንሽ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። በዓይንሽ ታዪዋለሽ!

መቅዲ፦ ቆንጆ ነገር! ከዚያስ?

ሄኖክ፦ ከዚያ ጭነት። በሙቀት ካሜራ እያየሁ ብዙ ሰዓት አሠራዋለሁ።

መቅዲ፦ ጭነቱ ምንድን ነው?

ሄኖክ፦ ምጣድ።

መቅዲ፦ ምጣድ?! አይገባም ስትል ቆይተህ?

ሄኖክ፦ ለሙከራ ነው! ሞተር የለው፣ ምን የለው፣ ጭነቱ አይዋዥቅም። እንዲያውም የሚያስቸግረው ፍሪጅ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ደካማ ኢንቨርተር እዚያው ላይ ይጠፋል።

መቅዲ፦ እሱን እንዳትጀምር፣ ሰዓት የለንም። ሳምንት ከፍሪጁ እንቀጥላለን።