ለአንድ «ሰላም» 36 ጊጋባይት

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ባለፈው የስልክ ሜሞሪን ነገር «በቃ ዘጋሁት» ብዬ ነበር አይደል? አልተዘጋም። አዎ፣ ሜሞሪውን የመሰልኩበት ጀሪካንም ተመልሷል፤ ቻሉት።

ጊጋባይቱ የጀሪካኑ ሆድ ነው፣ ባንድዊድዙ፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፈው የዳታ መጠን፣ አፉ። ኤልፒዲዲአር5ኤክስ የሚባለው የስልክ ራም በአንድ የዳታ መስመር በሰከንድ 8,533 ሜጋቢት ያሳልፋል። ደህና የሚባል ስልክ ላይ 64 መስመር አለ፤ አባዙና ለ8 አካፍሉት፣ 68 ጊጋባይት በሰከንድ። የቀድሞው ትውልድ፣ የ4ኤክሱ፣ 34 ነው። ጣሪያው ማለቴ ነው፣ በተግባር ከዚያ ይወርዳል።

አሁን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የቋንቋ ሞዴል ጫኑበት። 8 ቢሊዮን ፓራሜትር፣ ማለትም ሞዴሉ የተማራቸው ቁጥሮች፣ እያንዳንዱ ወደ 4 ቢት ሲጨመቅ 4 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። አንዲት ቶክን፣ ሞዴሉ በአንዴ የሚያወጣትን የጽሑፍ ቁራጭ፣ ለማውጣት ያ ሁሉ ከሜሞሪ ይነበባል። ለቀጣይዋም እንደ አዲስ። 68ን ለ4፣ በሰከንድ 17 ቶክን። የፕሮሰሰሩን ስምንቱንም ኮር ብታሠሩት መልሱ የማይፈጥነው ለዚህ ነው፤ ኮሮቹ ወረፋ ላይ ቆመዋል። አራት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ይበቃል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ሜሞሪው ብዙ ስልክ ላይ ፕሮሰሰሩ ላይ ተደርቦ ስለሚቀመጥ አንዱ ሲግል ሌላውም ይግላል፣ ከዚያ ስልኩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ካርቶኑ ላይ «8+8 ጂቢ» የሚሉት ደግሞ አለ! ሁለተኛው 8 ራም አይደለም፣ ከስቶሬጅ የተቆረሰ ነው። ዩኤፍኤስ 4.0 የሚባለው ፈጣን ስቶሬጅ እንኳ በሰከንድ 4 ጊጋ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚያነብ። ሞዴሉ እዚያ ከወደቀ... ቡና አፍሉ፣ ሦስተኛው ላይ ይደርስላችኋል።

ቆይ፣ የመጣሁበት እሱ አይደለም። «ሰላም»። ሦስት ፊደል ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የኮምፒውተር የፊደል ኮድ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው፣ ዘጠኝ። ቶክናይዘሩ፣ ጽሑፍን ወደ ቶክን የሚቆራርጠው፣ ግዕዝ ፊደል ካልለመደ እያንዳንዷን ባይት ቶክን ያደርጋታል። «ሰ» ልትወጣ ነው፤ 4 ጊጋ ተነበበ፣ ገና ሲሶዋ። እንደገና 4 ጊጋ፣ ገና። እንደገና፣ «ሰ»። አሁን ወደ «ላ»። ቃሉ ሲያልቅ 36 ጊጋባይት ተነቧል። እንግሊዝኛው «ሄሎ» አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቶክን ነው፤ በ4 ጊጋ ተገላገለ። ያው ስልክ፣ ያው ቺፕ!

ሳምሰንግ በ2024 (እ.ኤ.አ.) 5ኤክስን በአንድ መስመር በሰከንድ 10.7 ጊጋቢት አደረሰው፤ ጣሪያው ወደ 85 ሆነ። ጥሩ። ግን ይሄ ሩብ ጭማሪ ነው፣ የቶክናይዘሩ ጉድለት ዘጠኝ እጥፍ። ስለዚህ ቺፑን ትታችሁ የቶክናይዘሩን ቃላት አስተካክሉ ልል ነበር... ብቻ አዲስ የሚጨመር ቶክን ባዶ ነው፤ ሞዴሉ በብዙ አማርኛ ካልሠለጠነበት ትርጉም አይዝም። ብዙ አማርኛ ደግሞ... እህ። ወይም ትንሽ ሞዴል፣ 1 ቢሊዮን፣ ግማሽ ጊጋ። እሱም አማርኛው...

ተዉት። ዘጠኝ ጊዜ እኮ ነው፣ ለሰላምታ...