አያቴ ስንት ዓመታቸው ነበር?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። የዛሬው ጉዳይ የቤተሰቤን የትውልድ ሐረግ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ከሐሳቤ ያልወጣ ነው፤ በድሮ ሰነድ ላይ የሰፈረን ዕድሜ ምን ያህል ማመን ይቻላል?

ነገሩ የተነሣው በአያቴ ነው። በቀበሌ መታወቂያቸው ላይ የልደት ዘመናቸው 1915 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል። መታወቂያው የተሰጠው በ1975 ዓ.ም. በመሆኑ፣ አንዱን ከሌላው ሳነሣ ልክ 60 ወጣልኝ፤ ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ጸሐፊው ዕድሜያቸውን ሲጠይቅ አያቴ «ስድሳ ሳይሞላኝ አይቀርም» ብለውት፣ እርሱም ከዓመቱ ላይ ቀንሶ የልደት ዘመን ያደረገው ይመስለኛል። በሕዝብ ቆጠራም ቢሆን በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከሌሎቹ በዝተው የሚገኙት ሰው ዕድሜውን በግምት ስለሚናገር ነው።

ከቅድመ አያቴ የቀረ አንድ የብራና ዳዊት ግን ቤት ውስጥ አለ። በመጨረሻው ቅጠል ጥግ ላይ፣ በደበዘዘ ቀለም፣ ልጅቱ፣ ማለትም አያቴ፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በሰኔ ሚካኤል ዕለት መወለዷ ተጽፏል፤ ዓመተ ምሕረቱ የለም። መጀመሪያ ላይ ይህ ጉድለት አሳዝኖኝ ነበር። እያደር ስመረምረው ግን፣ ቁጥር ከያዘው መታወቂያ ይልቅ ቁጥር የሌለው ይህ ጽሑፍ የበለጠ እንደሚታመን ተረዳሁ። አያቴ ክርስትና የተነሡት በጳጉሜ እንደሆነ ሲናገሩ እሰማ ነበር፤ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ፣ ከሰኔ 12 ተነሥቶ የሚቆጥር ሰው በእርግጥም ጳጉሜ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ወሩና ቀኑ ትክክል ነበሩ።

የቀረው ዓመቱ ነው። ዘመነ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ 1906፣ 1910 እና 1914 ዓ.ም. ሁሉም ይስማሙታል። አያቴ ደግሞ «በኅዳር በሽታ ጊዜ እናቴ በአንቀልባ አዝላኝ ሸሸች» ይሉ ነበር። ያ ወረርሽኝ የገባው በ1911 ዓ.ም. ነው። በ1906 የተወለደ ልጅ በዚያን ጊዜ አራት ዓመት አልፎታልና በአንቀልባ አይታዘልም፤ በ1914 የሚወለደውም ገና አልተፀነሰም። የአምስት ወር ሕፃን ሊሆኑ የሚችሉት በሰኔ 1910 ከተወለዱ ብቻ ነው። ስለዚህ መታወቂያው አምስት ዓመት ቀንሶባቸዋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሰነድ ሳይ አስቀድሜ የምጠይቀው ዕድሜው ለምን ጉዳይ እንደተጻፈ ነው። በ60 ዓመቱ ጡረታ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሠራተኛ ዕድሜውን ዝቅ የሚያደርግበት፣ ልጅቷን ለመዳር የቸኮለ ወላጅም ከፍ የሚያደርግበት ምክንያት ነበረው። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ወረቀቶች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ የኢትዮጵያው ዓመት ሳይቀየር እንደ ፈረንጅ ዓመት ከተጻፈ ሰውየው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል፤ ቀኑ ያልታወቀ ሰውም ጃንዋሪ 1 ይሞላለታል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለደው ለአብዛኛው ሰው ይህ ችግር አለ።

አድማጮቼን አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ሲናገሩ ዓመተ ምሕረት ለማውጣት አትቸኩሉ፣ ቃላቸውን እንደወረደ ጻፉት። ግምታችን ሊሳሳት ይችላል፤ ቃሉ ካለ ግን ከእኛ በኋላ የሚመጣው ያርመዋል።

የዚያው የባለ ዳዊቱ ቅድመ አያቴ ልደት እስካሁን አንድ ዓመት አልተገኘለትም። ከእርሳቸው በቃል የወረደው «በክፉ ቀን የምጠብቃቸው ከብቶች ዓይኔ እያየ አለቁ» የሚል ብቻ ነው። ክፉ ቀን የሚባለው ከብት ያለቀበት ታላቅ ረሃብ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየ ነው፤ እረኛ ደግሞ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ ቢሆን ነው። ስለዚህ በሐረጉ ላይ «ከ1868 እስከ 1878 ዓ.ም. ባለው ጊዜ» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ስለ ከብቶቹ የተናገሩትን አስፍሬዋለሁ።