የጦስኛችን ዘይት የት ገባ?

የተከበራችሁ ጦስኝ ለቃሚዎች፣ አሻጊዎችና ነጋዴዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ገበያው «ጦስኝ» በሚል እሽግ ተሞልቷል፤ ውስጡ ያለው ግን ለየቅል ነው። አገራችን ሁለት የጦስኝ ዝርያዎች አሏት፤ ታይመስ ሺምፐሪ እና ታይመስ ሴሩላተስ። ሁለቱንም ጦስኝ እንላቸዋለን። በዚያ ላይ የዘይቱ፣ ማለትም ሽታውን የሚሰጠው ተናኝ ፈሳሽ፣ ቅንብር እንደበቀለበት ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ላይ ታይሞል የተባለው ውሕድ ይበዛል፣ ሌላው ላይ ካርቫክሮል የተባለው።

እነዚህ ሁለት ውሕዶች ክብደታቸውም ንጥረ ነገራቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት አንዲት የኦክስጅንና ሃይድሮጂን ጥንድ በተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ያስፈልጋል፦ ዘይቱ በሙቀት ይተንና በረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያልፋል፣ እያንዳንዱም ውሕድ በየራሱ ሰዓት ይወጣል፣ መጠኑም ይታወቃል።

አውሮፓውያን ለራሳቸው ጦስኝ ደረጃ አውጥተዋል። 1 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ቢያንስ 12 ሚሊ ሊትር ዘይት መስጠት አለበት፤ ከዘይቱም ቢያንስ 40 በመቶው ታይሞልና ካርቫክሮል መሆን አለበት። የእኛዎቹ ዝርያዎች እዚያ ደረጃ ውስጥ የሉም። እና የእኛን ማን ይለካልን? ይሄ በጣም ያንገበግበኛል።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እንሥራ። ፀሐይ ላይ አስፋልት ዳር የተሰጣ ጦስኝ ዘይቱ ይተናል፣ አቧራና ጭስም ይጠጣል፤ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይድረቅ። እንጨቱን ከቅጠሉ ጋር ፈጭቶ ማሸግ ደግሞ ኪሎ ይጨምር ይሆናል እንጂ ዘይት አይጨምርም። ከሥሩ መንቀልማ ጭራሽ ይቅር! ለከርሞ ምን ልንለቅም ነው?

ሻይ ስታፈሉም ክደኑት። ክዳኑ ላይ የሚያቸፈችፈው ጠብታ ዘይቱን ይዟል፤ ወደ ሲኒው ይመለስ። ውኃው ውስጥ የሚሟሟ ሮዝማሪኒክ አሲድም አለ፤ እሱ የማይተን ስለሆነ በሌላ መሣሪያ ነው የሚለካው።

እሽግ ላይ «ደም ግፊት ያድናል» ብሎ መጻፍ ግን ይቁም፣ እባካችሁ። ሰው መድኃኒቱን ጥሎ በእናንተ ጽሑፍ ሊተማመን ይችላል። በምትኩ የተለቀመበትን ቦታና ወር ጻፉ፤ ከየዙሩም ትንሽ ናሙና አስቀምጡ።

ምርመራው ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ተዋጥተን ግን ናሙናችንን አንድ ላይ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ መላክ እንችላለን። ከሚቀጥለው ለቀማ በፊት ናሙና ማምጣት የምትችሉ፣ ከአዳራሹ ሳትወጡ ስማችሁንና ወረዳችሁን አስመዝግቡ።