የልጆች መብት በሊትር ሲለካ

በጎንደር ከተማ ለርዕሰ መምህራን፣ ለወላጅ ኮሚቴዎችና ለተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ርዕሰ መምህራን፣ ወላጆች፣ ልጆቻችንም፤ እንደምን አደራችሁ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም በነሐሴ 2015 ዓ.ም ባወጣው አጠቃላይ ማብራሪያ ቁጥር 26 የልጆችን መብት ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር አያይዞ ዘርዝሯል። እንግዲህ ወረቀቱ አለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሚያዝያ ነው፤ ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ ፉጭ ስለሚልበት ወር።

ልጅ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ ይልቅ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ የተበከለ ውሃም ቀድሞ የሚጥለው እሱን ነው። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ጀሪካን ተሸክማ የምትሄደው፣ የወር አበባዋም ሲመጣ ከክፍል የምትቀረው ሴቷ ልጅ ናት።

ከተማችን ውሃ ከምትቀዳባቸው አንዱ አንገረብ ግድብ ነው። ከበላዩ ካለው ተዳፋት ማሳ በየክረምቱ አፈር ይወርድበታል፤ ደለል የያዘው ቦታ ውሃ አይይዝም። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ዝናቡ ባጭር ሰዓት በኃይል መውረድ ያበዛል፣ በበጋ ደግሞ ትነቱ ይጨምራል። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ ሐምሌ ላይ ፎቶ ተነሥተንበት ጥር ላይ ዞር ብለን ያላየነው ችግኝ ግን ደለሉን አያቆምልንም። ግድቡን መታደግ ዓመታት ይፈልጋል። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ ያን ያህል መጠበቅ አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ጣሪያችን እንመልከት።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 20 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ የመማሪያ ሕንፃ 160 ካሬ ሜትር ጣሪያ አለው። ከሚፈሰው አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 128 ሊትር ይገባል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በ78 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላል፤ የጎንደር ሐምሌ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል።

ሥራው የሚበላሸው ከመሠረቱ ነው። የሞላ ሮቶ 10 ቶን ይመዝናል። ዋልካ አፈር ላይ እንዲሁ ከተቀመጠ መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሮቶው ያዘነብላል፣ ቧንቧውም ከመጋጠሚያው ላይ ይሰበራል። ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣ፣ በድንጋይና በጠጠር ይሞላ፣ ከላዩ ኮንክሪት ይፍሰስ። አሸንዳው በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያዘንብል፤ ሳያዘነብል ከተሰቀለ ውሃ ያቁራል፣ ትንኝም ይፈለፈልበታል። የመጀመሪያው ዝናብ የወፍ ኩስና አቧራ አጥቦ ስለሚመጣ 200 ሊትር በርሜል ቀድሞ ይቀበለው፤ በርሜሉ ሲሞላ ቀሪው ወደ ሮቶው ይለፍ። መቅጃው ከሮቶው ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ዝቃጩ ከታች እንዲቀር። ክዳኑ ብርሃን ካሳለፈ አልጌ ያበቅላል።

ለ500 ተማሪ በቀን ግማሽ ግማሽ ሊትር ብናድል 250 ሊትር ነው፤ ሮቶው 40 የትምህርት ቀን ገደማ ይዘልቃል። ስለዚህ መስከረም ላይ አይከፈት። ብዙ ቦታ የሚሠራው ስሕተት ይኸው ነው፤ ኅዳር ሳይጋመስ ባዶው ሮቶ ይቀራል። ቁልፉ ተይዞ መጋቢት ላይ ቢከፈት ሚያዝያን ያሻግራል። ወለል ለማጠብ ግን አይበቃም፤ ለመጠጥ ብቻ ነው።

ለመጠጥም ሳይታከም አይቀርብም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው ባነሰ ሙቀት ነው፤ ከተንተከተከ በኋላ ሙሉ 3 ደቂቃ ይቆይ። ክሎሪን ከሆነ መጠኑ ማሸጊያው ላይ እንዳለው ይጨመር፣ 30 ደቂቃም ይጠበቅ። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ ክሎሪኑን ጭቃው ይጨርሰዋል፤ አስቀድሞ ረግቶ ይጥለል፣ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅም ይጠለል።

ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ጠልፈን የፋሲልን መዋኛ እስከ አፉ የምንሞላ ሰዎች ነን። ለትምህርት ቤት ሮቶ ዕውቀቱ ያንሰናል ብሎ የሚከራከር ካለ እንስማው።

አንድ ነገር ይቀራል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጆች በሚነካቸው ጉዳይ ሐሳባቸው እንዲሰማ ያዛል። የትኛው ቧንቧ ስንት ቀን እንደ ደረቀ ከርዕሰ መምህሩ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ከሮቶው ግርጌ የተገጠመ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ያለውና ውስጡን የሚያሳይ ጎማ ከጎኑ ቀጥ ብሎ ይታሰር፤ ሁለት ሁለት ተማሪ በየማለዳው ልኩን አንብበው መዝገብ ላይ ያስፍሩ፣ መዝገቡም በየወሩ በወላጅ ኮሚቴው ፊት ይነበብ።

መለኪያ ሜትሮቹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ከየትምህርት ቤቱ የመጣችሁ ተማሪዎች አንድ አንድ ይዛችሁ ሂዱ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ የጣሪያችሁን ርዝመትና ወርድ ከእናንተ እንጠብቃለን።