ከጅማ ማርስ ስንት ነው? በሳይንስ ቀን ያደረግኩት ንግግር

ሰላም ለሁላችሁ። አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ።

ክቡራን ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እናንተም ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን ለሳይንስ ቀን አደረሳችሁ። ከዚህ አዳራሽ ግማሹን አስተምሬያለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንዳንዶቻችሁን አስተምሬ፣ ልጆቻችሁንም ደግሜ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። እንደ ድሯችን እናውራ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የሰው ልጅ ሕዋ ላይ መኖር ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ርዕሱን ሳየው ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አንድ የቆየ ነገር ቆረቆረኝ። የቆረቆረኝን ሳልናገር ከዚህ አልወርድም፤ መጀመሪያ ግን ጥያቄውን ልመልስ። ስለ ሕዋ የማነሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኛን ሳወራ ዓ.ም. እላለሁ።

መሄድ ይቻላል። ተሂዷልም። በ1961 ዩሪ ጋጋሪን ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ ተመለሰ። በ1969 ሰው ጨረቃን ረገጠ። እስከ 1972 መጨረሻ ድረስ 12 ሰዎች እዚያ ተራምደዋል። ከዚያ ወዲህ የረገጣት የለም። ከነሱ ውስጥ ብዙ የቆዩት እንኳ የቆዩት 3 ቀን ገደማ ነው።

ርቀቱን በኛ መንገድ እንለካው። ከዚህ አዲስ አበባ 350 ኪሎሜትር ገደማ ነው አይደል? ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከምድር በላይ 400 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ነው የሚዞረው። ያንን መንገድ ወደ ሰማይ ብናቆመው፣ ከጅማ ተነስተን አዲስ አበባን አልፈን ቢሾፍቱ እንደ መድረስ ነው። በቃ፣ ይሄው ነው። ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ ያ ጣቢያ ሰው ተለይቶት አያውቅም፣ ግን ያለው ቢሾፍቱ ነው። ጨረቃ ለመድረስ የጅማን አዲስ አበባ መንገድ ከ1,000 ጊዜ በላይ መጓዝ አለባችሁ። ማርስ በጣም በምትቀርበን ጊዜ 55 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ ትርቃለች። ከ150,000 ጊዜ በላይ ማለት ነው።

ጉዞው ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል። በፈለጉት ቀን ተነስቶ መሄድም የለም። ምድርና ማርስ ለጉዞ የሚመቹት በየ26 ወሩ አንዴ ነው። እዚያ ሆኖ የታመመ ሰው «ሐኪም ጥሩልኝ» ቢል ድምፁ እኛ ጋ ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስድበታል፤ መልሱም ያንኑ ያህል። ስበት በሌለበት አጥንት በየወሩ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል። ለዚህ ነው ጠፈርተኞች በቀን 2 ሰዓት ያህል ስፖርት የሚሠሩት። ከፀሐይና ከሕዋ የሚመጣው ጎጂ ጨረርም አለ። እዚህ ምድር ላይ አየራችንና የምድር መግነጢስ ይከልሉናል፣ መንገድ ላይ ግን ከልካይ የለም።

ይሄ ሁሉ ከባድ ነው። ግን የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ይፈታል ብዬ አምናለሁ። ከናንተ አንዱ ይፈታው ይሆናል። የማርስ አፈር ላይ የሰው ጫማ ሲያርፍ እናንተ በሕይወት እያላችሁ ታዩታላችሁ ብዬም ተስፋ አደርጋለሁ።

መሄድ አንድ ነገር ነው፣ ቤት ሠርቶ ልጅ ማሳደግ ግን ሌላ። ስለዚህኛው ጉዳይ የማውቀውን ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከከረሜላ ጠርሙስ ነው።

1998 ዓ.ም. ነበር። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼን በሦስት ቡድን ከፈልኳቸው። ሱቅ ውስጥ ከረሜላ የሚቀመጥበት ያ ትልቁ የብርጭቆ ጠርሙስ ትዝ ይላችኋል? ሦስት ከባለ ሱቆች ለመንን። ሥራው ቀላል ነበር፦ እያንዳንዱ ቡድን ጠርሙሱ ውስጥ አፈር ያደርጋል፣ ሁለት ቅጠል ያወጣች የቡና ችግኝ ይተክላል፣ አንድ ስኒ ውሃ ያጠጣል፣ ከዚያ ክዳኑን በሻማ ሰም ግጥም አድርጎ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ መክፈት የለም። አየር አይገባም፣ ውሃ አይገባም። የሚገባው ብርሃን ብቻ ነው። የማን ችግኝ ብዙ ትኖራለች?

የመጀመሪያው ቡድን ከወንዝ ዳር አሸዋ አመጣ። ሁለተኛው ቡና ጫካ ገብቶ ከዋንዛ ሥር አፈር ከነበሰበሰው ቅጠሉ አፍሶ መጣ። ሦስተኛው ቡድን ጎበዞቹ ያሉበት ነበር። ከቤታቸው የከብት ፍግ አምጥተው ሦስት ጣት ያህል ከአፈሩ ጋር ለወሱት። ክፍሉ በሙሉ እነሱ ያሸንፋሉ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ ነበር የጠበቅኩት።

ጠርሙሶቹን መስኮቱ አጠገብ ደረደርናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የፍጉ ጠርሙስ አማረበት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አፈሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ተነሳ። ሦስተኛው ላይ የችግኟ ቅጠል ከዳር እስከ ዳር ቡኒ ሆነ። በወሩ ወድቃ ተኛች። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ልጆቹን እስከ በሩ አባረራቸው። ክብሪት ጫርኩና ወደ ጠርሙሱ አፍ አስጠጋሁት። ገና ከአፉ ሳያልፍ ድርግም አለ። ሌላ ጫርኩ፤ እሱም ድርግም። ጠርሙሱ ውስጥ ክብሪት የሚያነድ ያህል እንኳ ኦክስጅን አልቀረም። አንዷ ልጅ፣ ዛሬ እዚሁ ተቀምጣለች፣ ስሟን አልጠራም፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ «ቲቸር፣ እኛ እኮ ነን ይበልጥ ያበላናት!» አለችኝ።

አዎ፣ ይበልጥ አበሏት። ፍጉ ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ቀለቡን ሲያገኙ ተዋለዱ፣ በዙ፣ ኦክስጅኑን ተነፈሱት። የአሸዋዋ ችግኝ እየገረጣች ትንሽ ቆየች። የጫካው አፈር ችግኝ ግን ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱ ከውስጥ ጤዛ እያዘለ፣ ጤዛው እየወረደ መልሶ እያጠጣት፣ ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ቆመች። ማንም አልነካትም። የዋንዛው ሥር አፈር ስንት ሺህ ዓመት ሲለማመደው የኖረውን ሥራ እዚያ ውስጥም ቀጠለ።

አሁን ጠርሙሱን አሳድጉት። አሜሪካ፣ አሪዞና በረሃ ውስጥ በ1991 ስምንት ሰዎች ከ1 ሄክታር በላይ በሆነ የመስታወት ቤት ውስጥ ገብተው ተዘጋባቸው። ባዮስፌር ሁለት ይባላል። ለሁለት ዓመት ምግባቸውን ሊያመርቱ፣ አየራቸውን ሊያድሱ፣ ውሃቸውን ሊያጠሩ። ትንሽ ጫካ ነበራቸው፣ ትንሽ ባሕር ነበራቸው፣ የቡና ዛፍ ሳይቀር ነበራቸው። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። ምን ሆነ? ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ ገደማ ቀስ እያለ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። ሰዎቹ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። በ1993 መጀመሪያ ከውጭ ኦክስጅን ተነፋላቸው እንጂ መቀጠል አይችሉም ነበር። ምክንያቱ ሲጠና፣ አፈሩን በጣም አዳብረውት ኖሯል! ፍጥረታቱ ኦክስጅኑን በሉት፤ ያወጡትን የተቃጠለ አየር ደግሞ ዕፅዋቱ ሳያገኙት የሕንፃው ኮንክሪት መጠጠው። አበባ የሚያዳቅሉት ነፍሳት አለቁ፣ ጉንዳንና በረሮ ቤቱን ወረሰው።

ልብ በሉ፣ ይሄ የሆነው ምድር ላይ ነው። ስበቱ አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ በሩን ቢከፍቱት ውጭ አየር አለ።

ማርስ ላይ በሩን ብትከፍቱት ምን አለ? አየሩ ከኛው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ያም አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ብርዱ በአማካይ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ነው። አፈር የምንለውም አፈር አይደለም፣ የድንጋይ አቧራ ነው። ፐርክሎሬት የሚባል ለታይሮይድ ዕጢ መርዝ የሆነ ጨው አለበት። ሞክሲ የተባለች መሣሪያ እዚያው ማርስ ላይ ከአየሩ ኦክስጅን መሥራት ችላለች፤ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ዜናውን ስሰማ እጄን አጨብጭቤያለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ በጠቅላላው የሠራችው 122 ግራም ነው። አንድ ሰው ከ3 እስከ 4 ሰዓት የሚተነፍሰው። በ2017 የሮኬት ኩባንያ ባለቤቱ ኢሎን መስክ በ2024 ሰው ወደ ማርስ እንልካለን ብሎ ነበር። 2024 መጥቶ ሄደ። ሮኬቱ ዘገየ ብዬ አልወቅሰውም። ሮኬቱ ቢደርስስ፣ የሚያርፍበት ቦታ አፈር አለው ወይ ነው ጥያቄዬ።

ጅማ ላይ ቆሜ ቡናን ሳላነሳ አልሄድም። በ2015 ጣሊያናዊቷ ጠፈርተኛ ሳማንታ ክሪስቶፎሬቲ ጠፈር ጣቢያው ላይ ኤስፕሬሶ ጠጣች። እዚያ ጀበና አይሠራም። ብታዘነብሉት ቡናው አይወርድም፣ ተንሳፍፎ ይቀራል። ስለዚህ ልዩ ማሽን ተሠራ፣ ልዩ ስኒ ተሠራ። ውሃውስ ከየት መጣ? የሁሉም ሽንት፣ ላብና የትንፋሽ እርጥበት ተሰብስቦ፣ ተጣርቶ ነው። ያ ማጣሪያ በ2023 ከውሃው 98 በመቶ ያህሉን መልሶ ማግኘት ችሏል። የሰው ልጅ ከሠራቸው ድንቅ ነገሮች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ያንኑ ሥራ በነፃ የሚሠራልን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቦዬ ነው። ጉማሬ ልናይ የምንሄድበት ረግረግ፣ ቦዬ። ቄጠማው ደለሉን ይይዛል፣ ጭቃው ውስጥ ያሉት ፍጥረታት ቆሻሻውን ይበላሉ፣ ውሃው ጠርቶ ይሄዳል። ስፔር ፓርት አይጠይቅም። እኛ ግን በዙሪያችን ያለውን ጨፌ ለሸክላ ጡብ ቆፈርነው፣ ባሕር ዛፍ ተከልንበት፣ ቆሻሻ ደፋንበት።

የቆረቆረኝ ነገር ይሄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ስለ ከተማችን ጽዳት። ተማሪዎቼ ከአዌቱ ወንዝ ከሦስት ቦታ ውሃ በሃይላንድ ቀድተው ይዘው መጡ። ከላይ ከከተማው በፊት፣ መሐል ከተማ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ ወንዙ ከተማውን ሲለቅ። የመጀመሪያው ቡኒ ብሎ ነበር፣ ጭቃ ነው፣ ግዴለም። ሁለተኛው አመድ ይመስላል። ሦስተኛው ጠቁሯል፣ አናቱ ላይ ዘይት ተንሳፍፏል። ልጆቹ ሃይላንዶቹን ከፍ አድርገው ይዘው ቆሙ። አንድ ትልቅ ሰው ተነሱና፣ ማንነታቸውን አልናገርም፣ «ዓለም ማርስ ላይ ሊሰፍር ነው፣ እናንተ ከቦይ ጋር ትታገላላችሁ?» አሉ። ሰው ሳቀ። ልጆቹ ሃይላንዶቹን ቀስ አድርገው ወንበራቸው ሥር አስቀመጧቸው።

ያን ቀን አልመለስኩም። ዛሬ እመልሳለሁ።

ጌታዬ፣ እነዚያ ልጆች የያዙት የማርስን ትምህርት ነበር! ቆሻሻ ውሃን ማጥራት የማይችል ሰው ማርስ ላይ አንድ ሳምንት አያድርም። ስምንት ሰው በመስታወት ቤት ውስጥ አየር ያጠረው በሮኬት እጥረት አይደለም፣ አፈሩን ስላላወቁት ነው። አዌቱን የገደለ ከተማ ሌላ ፕላኔት ላይ ሕይወት ይዘራል ብሎ ለልጅ መንገር ውሸት ነው፤ ለልጅ ደግሞ አይዋሽም! «ይሄኛው ቢበላሽ ሌላ አለ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ልጆች፣ አትሳቁለት። የታለ በሉት። አየሩን አሳየን፣ አፈሩን አሳየን፣ የምንጠጣውን አሳየን በሉት!

ሌላው ቶሎ ቶሎ። ከማርስ አልፈን ሌላ ኮከብ ጋ እንሂድ የሚሉ አሉ። ከፀሐይ ቀጥሎ የሚቀርበን ኮከብ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ብርሃን እንኳ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በ1977 የተወነጨፈችው መንኮራኩር ቮዬጀር አንድ በያዘችው ፍጥነት ያን ያህል ርቀት ለመሄድ ከ70,000 ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። ይሄን ለጊዜው እንተወው።

ደግሞ «ዳቦ ሳይኖረን ሕዋ ምን ያደርግልናል» የምትሉ ወላጆች አላችሁ፤ ተሰብስበን ስናወራ ሰምቻለሁ። በ2019 መጨረሻ የተላከችው የኢትዮጵያ ሳተላይት የተሠራችው እርሻን፣ ደንን፣ ውሃን ከላይ ለማየት ነው። ልጃችሁ ፊዚክስ እማራለሁ ካለ ተዉት ይማር። አፈር አጠናለሁ ካለችም አትከልክሏት፤ ማርስ የሚደርሱት ሰዎች ከአብራሪው ይልቅ እሷን ነው የሚፈልጓት።

ብዙ አወራሁ። አሁን ወደ ሥራው። በሩ ጋ ካርቶን ውስጥ 12 የከረሜላ ጠርሙሶች አሉ፣ አጥቤያቸዋለሁ። ሻማና ክብሪት ከኔ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት አዌቱ ድልድይ አጠገብ እንገናኝ። ከሦስቱ ቦታ እንቀዳለን፤ ከዚያ ወደ ቡና ጫካው ወጥተን አፈር እናፍሳለን። ወላጆች፣ ከቻላችሁ ቡትስ ጫማ አድርጓቸው፤ ዳሩ ያንሸራትታል። ያቺ በ1998 ዓ.ም. ያለቀሰችው ልጅ ዛሬ ራሷ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ቅዳሜ የምትመራችሁ እሷ ናት።