በዓይን የተነፋ ጎማ

እንኳን በሰላም መጣችሁ። እንደ ሊቀመንበር ስለ ማኅበሩ የዓመቱ ሥራ ማውራት ነበረብኝ። እሱን ግን ጸሐፊያችን ከእኔ በተሻለ አዘጋጅቶታል፣ በኋላ ትሰሙታላችሁ። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ጎማ ነው። አዎ፣ ስለ ትራክተር ጎማና ስለ ንፋሱ።

ጠዋት ስገባ ግቢው ውስጥ የቆሙትን ትራክተሮች ዞር ዞር ብዬ አየኋቸው። ጌጅ፣ ያ የንፋስ መለኪያ፣ ኪሴ ውስጥ ነበር (ሚስቴ ቁልፍ ትረሳለህ፣ ጌጅ ግን አትረሳም ትለኛለች)። የአንዱ ግራ የኋላ ጎማ 1.1 ባር (ባር የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው)፣ ቀኙ ደግሞ 1.9። ስም አልጠራም። ባለቤቱ እዚሁ ተቀምጦ እየሳቀ ነው።

ሳቅ፣ እኔ ግን ከአንተ የባሰ ሠርቻለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ የነዳሁት ባያስ ጎማ ነበር፣ ውስጡ ያሉት ክሮች በሰያፍ የተጠላለፉበት የድሮው ዓይነት። የባያስ ጎኑ ደረቅ ነው፣ ሲነፋ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የመጀመሪያዎቹን ራዲያሎች፣ ክሮቻቸው ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው የሚሄዱትን፣ አስገጥሜ በሚገባቸው ልክ ሲነፉልኝ ጎናቸው ሆድ አወጣ። "ይሄማ ተንፍሷል" አልኩና ሆዱ እስኪገባ ነፋሁት፤ ከ2 ባር በላይ። ሁለት ወቅት ሙሉ እንደዚያ አረስኩ። ትራክተሩ ይዘላል፣ ጎማው ቦታው ላይ ይሽከረከራል፣ ጥርሱ መሃል መሃሉ ተበልቶ አለቀ፣ እኔ ደግሞ የሸጠልኝን ሰውዬ እየረገምኩ ነበር። ሰውዬው ምንም አላጠፋም። ያ በንፋስ ያጠፋሁት ሆድ ነው ገንዘብ የከፈልኩበት። የራዲያል ጎን የሚተጣጠፈው ጎማው መሬት ላይ በርዝመቱ እንዲተኛ፣ ብዙ ጥርስ አንድ ላይ እንዲነክስ ነው። ስነፋው ያንን ሁሉ መለስኩት።

ዓይን በጎማ ጉዳይ ሲሳሳት የመጀመሪያው እኔ አይደለሁም። ድሮ ትራክተር የብረት እግር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1932 አሊስ-ቻልመርስ የተባለው የአሜሪካ ትራክተር አምራች በንፋስ የሚሞላ የአውሮፕላን ጎማ ትራክተር ላይ ሲገጥም ብዙ ገበሬ ላስቲክ መሬት አይነክስም ብሎ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። "ስንት ልንፋው?" የምትሉኝ ጥያቄ መልስ የለውም፤ መጀመሪያ ስንት ኪሎ ተሸክሟል የሚለው ካልታወቀ። ንፋስ ከክብደት ነው የሚመጣው። ትራክተሩን የመኪና ሚዛን ላይ አውጡት። መጀመሪያ የፊቱን አክስል፣ ከዚያ የኋላውን፤ ማረሻው ተገጥሞና ወደ ላይ ተነስቶ። ይሄን ብዙ ሰው ይስታል። ማረሻው 800 ኪሎ ከሆነ ሲነሳ ከኋላ የሚጨመረው 800 አይደለም፣ ከዚያ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የፊቱን ቀለል አድርጎ ያንንም ወደ ኋላ ያመጣዋል። የአክስሉን ክብደት ለሁለት አካፍሉና የጎማው አምራች ያወጣውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ። እዚያ ላይ ክብደት፣ ፍጥነትና ንፋስ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ከሰንጠረዡ በታች መውረድ የለም፣ ጎማው ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ቸርኬው ላይም ይዞራል።

ታዲያ ብዙ ጊዜ ምን ይገኛል መሰላችሁ? ራዲያል ጎማ እርሻ ውስጥ ዝግ ብሎ ሲሠራ ከ0.8 እስከ 1.2 ባር ባለው ውስጥ ይበቃዋል። እኛ የምንነፋው ለአስፋልቱ ነው። ያንኑ ጎማ ጭነት አስይዛችሁ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዱት ሰንጠረዡ የበለጠ ንፋስ ይጠይቃል፣ ትክክልም ነው፤ ጎማው ይግላልና። ስለዚህ ቁጥሩ ሁለት ነው፣ የመንገድና የማሳ። በአንዱ ብቻ ልሥራ የሚል ሰው ለመንገዱ የሚያስፈልገውን ይያዝ፣ ግን ዋጋውን አፈሩ እንደሚከፍል ይወቅ። ጎማ የላይኛውን አፈር የሚጫነው በግምት ውስጡ ባለው ንፋስ ልክ ነው። 2 ባር የነፋ ሰው 2 ባር አካባቢ ይረግጣል። ጥልቁን የሚጠቀጥቀው ግን የአክስሉ ክብደት ነው፤ እሱን ንፋስ በመቀነስ አታስታርቁትም፣ ለክብደት ተብሎ የተጫነውን የማይፈለግ ብረት አውርዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ሥራ ውሎ የጋለ ጎማ ከፍ ብሎ ቢያሳይ አታስተንፍሱት፣ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

ስለ መግዛት ብዙ አልልም። 18.4-38 የሚለው የጎማው ወርድና የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 480/70 አር 34 ሲል ወርዱ 480 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 70 በመቶ፣ አር ራዲያል ማለት ነው። አይኤፍ የተባለው የጎማ ዓይነት ከተራው ራዲያል በእኩል ንፋስ 20 በመቶ፣ ቪኤፍ የተባለው ደግሞ 40 በመቶ የበለጠ ይሸከማል። ውድ ናቸው። ከማሳ ወደ ማሳ ብዙ መንገድ የሚነዳ ሰው ያስብባቸው፣ ሌላው ባለው ጎማ ላይ ንፋሱን ያስተካክል። ፎር ዊል ያላችሁ ግን የፊቱን መጠን ብቻችሁን አትቀይሩ። የፊቱ ጎማ ከኋላው ትንሽ ቀድሞ መጎተት አለበት፣ ያ ልዩነት ሲበላሽ ጥርሱንም ማርሹንም ይበላል።

ሁሉም ነገር ደህና መሆኑን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። የኋላ ጎማው ጎን ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። ማረሻውን አንስታችሁ ማሳው ላይ ጎማው 10 ጊዜ እስኪዞር ንዱና ርቀቱን ለኩ። 50 ሜትር ሄደ እንበል። ከዚያ እያረሳችሁ 10 ጊዜ ይዙር። 44 ሜትር ከሆነ 6 ሜትሩ ባዶውን ዞሯል፣ 12 በመቶ፤ ጥሩ ነው። ከ15 ካለፈ ነዳጅና ጥርስ እየጣላችሁ ነው። 3 ወይም 4 ከሆነም አትደሰቱ፣ የማያስፈልግ ክብደት ተሸክማችሁ እየዞራችሁ ነው ማለት ነው።

ቀልድ የሌለበትን ደግሞ ስሙኝ። ጠርዙ ቸርኬው ላይ አልቀመጥ ያለ ጎማ እስከ 2.5 ባር ካልገባ አስተንፍሱና እንደገና ጀምሩ፣ አትጨምሩ። ስትነፉ ከጎማው ጎን፣ ቸርኬው በሚታይበት በኩል፣ ፊት ለፊት አትቁሙ፣ ረጅም ቱቦ ግዙ። ጎማ የተገጠመበትን ቸርኬ ደግሞ ማንም ሰው አይበይድ፣ ንፋሱ ቢወጣም እንኳ።

አሁን ከእረፍት በፊት አንድ ነገር እናደርጋለን። በሩ ጋ የእኔ ትራክተር ቆሟል። ተራ በተራ ሂዱ፣ እዩት፣ ከፈለጋችሁ በእግራችሁ ምቱት፣ ከዚያ የአራቱን ጎማ ንፋስ በዓይን ገምታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ጌጁ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ወረቀቱ ሳይሰበሰብ አላወጣውም። አንዱን ጎማ ትናንት ማታ ሆን ብዬ ነካክቼዋለሁ።