ፕሪዮን ጭራ አለው፦ በኤን ኤም አር የታየ ፕሮቲን

(ምስል፦ የኤም አር አይ ክፍል)

ኤም አር አይ ተነስታችሁ ታውቃላችሁ? ማሽኑ የሚያነበው በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ነው። ኤን ኤም አር (ኒውክሊየር ማግኔቲክ ሬዞናንስ) ደግሞ የዚህ ማሽን ታላቅ ወንድም ነው። እዚህ ግን ማግኔቱ ውስጥ የሚገባው ሰው አይደለም። ከእስክሪቢቶ የቀጠነች የብርጭቆ ቱቦ ናት። ውስጧ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ የሟሟ ፕሮቲን።

ፕሮቲኑ ፕሪዮን ይባላል። በሁላችንም አንጎል ውስጥ አለ። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ምንም አያደርገንም። ቅርጹ ሲበላሽ ግን አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። የእብድ ላም በሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሰው ላይ ክሮይትስፌልት ያኮብ የሚባለውም እንዲሁ፤ እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት የለውም።

ታዲያ ጤነኛው ቅርጽ ምን ይመስላል? በ1996 ስዊዘርላንድ ዙሪክ ውስጥ የሳይንቲስቱ የኩርት ቩትሪክ ቡድን የአይጥ ፕሪዮንን ይዞ ተነሳ። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ክር ነው። ሙሉውን አይደለም፤ ከ121ኛው እስከ 231ኛው አሚኖ አሲድ ያለውን ዶሜይን ብቻ። ዶሜይን ማለት ከቀረው ክር ቢለይም ራሱን ችሎ የሚታጠፍ ክፍል ነው። ትልቅ ሞለኪውል ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሽከረከር ምልክቱ ይደበዝዛል። ትንሽ ክፍል መምረጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

(ምስል፦ በነጠብጣብ የተሞላ ካርታ)

ማግኔቱ ውስጥ እያንዳንዱ ሃይድሮጅን በራዲዮ ሞገድ ሲነካ በራሱ ድምፅ ይመልሳል። ድምፁን የሚወስነው ጎረቤቱ ነው። ችግሩ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድምፆች እንደ ገበያ ጫጫታ ይደበላለቃሉ። ስለዚህ ፕሮቲኑን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን 15 የተባለውን ከባድ ናይትሮጅን ይቀለባሉ። ያኔ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ በካርታው ላይ የራሱ ነጠብጣብ ይኖረዋል።

እኔ በጣም የምወደው ቀጣዩን ነው። ሁለት ሃይድሮጅኖች ከግማሽ ናኖሜትር በታች ሲቀራረቡ አንዱ የሌላውን ምልክት ይለውጣል። መቀነት አስቡ። ሲዘረጋ ጫፉና መሃሉ የተራራቁ ናቸው፤ ወገብ ላይ ሲጠመጠም ግን ይነካካሉ። እንዲህ ያሉ መነካካቶች በብዛት ተሰብስበው ኮምፒውተር ክሩን ያጥፈዋል። የወጣው ቅርጽ እንደ ሞላ የተጠመዘዙ ሦስት ክፍሎችና ባለሁለት ክር ትንሽ ንጣፍ ነበረው።

(ምስል፦ ጭራ የያዙ አዛውንት)

በ1997 ተራው የሙሉው ፕሮቲን ሆነ። ወደ 100 የሚጠጉት የፊተኞቹ አሚኖ አሲዶች ቋሚ ቅርጽ አልነበራቸውም። አባቶች ዝንብ የሚከላከሉበትን ጭራ ታውቁታላችሁ፤ እጀታው ጠንካራ፣ ጸጉሩ የሚወዛወዝ። ፕሪዮንም ልክ እንደዚያ ነው። በክሪስታል ላይ የሚሠራው የኤክስሬይ ዘዴ ሞለኪውሎች ተሰልፈው እንዲቆሙለት ይፈልጋል፤ የሚወዛወዝ ነገር ምስል አይተውለትም። ኤን ኤም አር ግን ፕሮቲኑን የሚያገኘው ውሃ ውስጥ፣ እየተንቀሳቀሰ ነው። ቩትሪክ በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል የተጋራው በዚህ ዘዴ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። 200ኛው ቦታ ላይ ግሉታሜት የተባለው አሚኖ አሲድ ላይሲን በተባለው ሲተካ በዘር የሚተላለፍ ክሮይትስፌልት ያኮብ ይመጣል። ብዙ ሰው ቅርጹ የተሰበረ ይመስለዋል። በ2000 በኤን ኤም አር ሲታይ ግን ጤነኛውን ይመስላል ማለት ይቻላል። የተለወጠው የገጹ የኤሌክትሪክ ሙላት ነው፤ ኔጌቲቩ ፖዘቲቭ ሆኗል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ዓይናቸውን ወደ ፕሮቲኑ ገጽ አዞሩ። ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር የሚገናኘው በዚያ በኩል ነውና።